የሰኞ ሕመም፦ እግዚአብሔር ለእማዬ ያደረገው

እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገውን ልመስክር።

እኛ ቤት ሁሉም የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሰው ነበር። አባዬ ሽመና ክፍል፣ እማዬ ፈትል ክፍል፣ አክስቴ ማቅለሚያ። ፋብሪካው ደህና በነበረበት ዘመን ቀንና ሌሊት በፈረቃ ይሠራ ነበር። አባዬ ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ጎድቶታል። እዚያ ሠራተኛው የሚግባባው ከንፈር እያየ ነበር። እማዬ ደግሞ ስትመጣ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ አለ። እኔ በጣቴ እለቅምላታለሁ። ያኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ያ ብናኝ ነው ደረቷን የያዘው። እሁድ አርፋ፣ ደህና አድራ፣ ሰኞ ሥራ ስትገባ ትታፈናለች። ሐሙስ አርብ ሻል ይላታል። ብርድ ነው ተባለ። ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና ተመረመረች፤ አልተገኘባትም። አንዳንዱ እንዲያውም ሥራ ጠልታ ነው አለ። ያስለቀሳት ይሄ ነው። ሥራዋን እንደ እሷ የሚወድ ሰው አላየሁም። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል እጇ ላይ ዓይን አይደርስም።

ማታ ማታ አብረን እንጸልያለን። እማዬ «ፈውሰኝ» ብቻ አትልም። «ጌታ ሆይ፣ የያዘኝን ነገር የሚያውቅ ሰው አገናኘኝ» ትላለች።

አገናኛት። ታናሽ ወንድሜ አተኩሶት ልታሳክመው ወሰደችው። ሐኪሟ ልጁን እያየች የእማዬን ሳል ሰማች። ሥራዋን ጠየቀቻት። ቀጥላ «ሰኞ ሰኞ ይብስብሻል?» አለቻት። እማዬ እዚያው አለቀሰች። ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ቢሲኖሲስ ይባላል። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው የሳንባ በሽታ ነው። መጀመሪያ ከእረፍት መልስ ባለው የሥራ ቀን ይነሳል። እየቆየ ሳምንቱን ሙሉ ይይዛል። ሰው በጊዜ ከብናኙ ካልራቀ ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል። ለእማዬ በጊዜ ደረሰላት።

የሐኪሟን ደብዳቤ ይዛ ዝውውር ጠየቀች። ለእሱም ጸለይን፤ እንቢ ቢሏት እንጀራችን ነው። ጨርቅ ምርመራ ክፍል አዛወሯት። ሰኞ ቀስ በቀስ ቀለላት። አሁን መዝሙር ስትጀምር ትንፋሽ አያጥራትም።

ፋብሪካው በኋላ ተዘጋ። ማሽኑ አረጀ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ያዘው። አባዬ ሲያነሳው አሁንም ይከፋዋል። እኔም ይከፋኛል፤ ያሳደገን እሱ ነው። እማዬ የድሮ ባልደረቦቿን ባገኘች ቁጥር «ሐኪም ጋ ስትሄዱ ጥጥ ላይ መሥራታችሁን ንገሩ» ትላቸዋለች። ሰምተው የሄዱ አሉ። ክብሩን እሱ ይውሰድ።