የጥር ቲማቲም

ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት በጥር ወር፣ በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ ውስጥ አንድ ሬስቶራንት በሰሌዳው ላይ «ቲማቲም በሞዛሬላ» ብሎ ጽፎ ሳይ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ነገሩ የቲማቲም ብቻ አይደለም።

የምሠራው ጋርድ ማንዤ ላይ ነው። ሰላጣውም፣ ቀዝቃዛው መጀመሪያ ምግብም በእኔ እጅ ነው የሚወጣው። ቤቱ ትንሽ ነው፤ ክሯ ሩስ ኮረብታ ላይ ነው ያለው። ገና አልፎ ሰው ሁሉ ፉዋ ግራ የሚባለው የሰባ የዳክዬ ጉበት፣ ቅቤና ኬክ ሰልችቶታል። የቤቱ ባለቤት «ለጥር ቀለል ያለ፣ ጤናማ ሜኑ እናውጣ» አለ። እስከዚህ ድረስ ተስማምተናል። በነጋታው ጠዋት ግን ካርቶን ካርቶን ቲማቲም አስጭኖ ገባ።

አንዷን አንስቼ ለሁለት ከፈልኳት። ከላይ ቀይ ናት። ውስጧ ነጭና ደረቅ ነው። ፍሬዎቹን የያዘው ፈሳሽ ውሃ ውሃ ይላል። ሽታ የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ከፍሪጅ ነው የወጣችው፤ ቲማቲም ከ12 ዲግሪ በታች ሲቆይ ያለችውን ጥቂት መዓዛም ያጣል።

«እስቲ ያሽትቱት» አልኩት።

«ደንበኛ በዓይኑ ነው የሚበላው» አለኝ። «ቀይ ቲማቲም፣ ነጭ አይብ፣ አረንጓዴ ቅጠል። ጤናማ ማለት ይሄ ነው።»

«በጥር ቲማቲም የለም እኮ። ባሮ ሽንኩርት አለ፣ ቀይ ሥር አለ፣ ሴለሪ ሥር አለ።»

ይሄኔ ነው ያቺን ቃል የተናገረው።

«አንቺ ደግሞ ከየት መጥተሽ ነው ስለ ፈረንሳይ ወቅት የምታስተምሪኝ?»

ኩሽና ውስጥ የነበረው ሁሉ ሰምቷል። ኮሚው፣ ጀማሪው አብሳይ፣ አንገቱን ደፋ። ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል።

«ከገበያ» አልኩት። «ዛሬ ጠዋት ከገበያ ነው የመጣሁት።»

የመለስኩለት እውነቱን ነው። የክሯ ሩስ ገበያ ከሰኞ በስተቀር በየጠዋቱ ቡልቫሩ ላይ ይዘረጋል፤ ወደ ሥራ ስመጣ በመሃሉ ነው የማልፈው። ገበያው ውስጥ ቸርቻሪ አለ፣ አምራች አለ። ቸርቻሪው ዓመቱን ሙሉ ሁሉም ነገር አለው። አምራቹ ያለው ከመሬቱ የወጣው ብቻ ነው። ወቅት ለማወቅ የእነሱን ጠረጴዛ ማየት ይበቃል፤ የሌለውም ነገር ብዙ ይናገራል። በዚያን ዕለት ሥሩ ጭቃ የያዘ ባሮ ሽንኩርት ነበር። የሰው ጭንቅላት የሚያህል ሴለሪ ሥር ነበር። ቅጠሉ የተጨማደደ ጥቅል ጎመን ነበር። ማሽ የምትባለው ትንሿ የክረምት ሰላጣ ነበረች። ሊዮኖች ለገና ከቅልጥም ጋር የሚጋግሩት፣ ካርዶን የሚባለው ባለ አገዳ አትክልትም ገና አላለቀም ነበር። ቲማቲም የነበረው ቸርቻሪው ጋ ብቻ ነው፤ ካርቶኑ ላይ ሞሮኮና ስፔን ይላል።

ባሮ መቼ እንደሚጣፍጥ ያስተማረችኝ እጇ በብርድ የቀላ አንዲት ገበሬ ናት። የትውልድ አገሬን ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ያለፈው ሳምንት ባሮ እንዴት እንደነበረ ነው። ባለቤታችን ደግሞ በመኪናው መጥቶ በመኪናው ይሄዳል። በገበያው ውስጥ ቅርጫት ይዞ አይቼው አላውቅም።

ለነገሩ ስለ ቀላል ምግብ ፈረንሳዮች ራሳቸው ድሮ ተነጋግረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የምግብ ሐያሲዎቹ አንሪ ጎ እና ክርስቲያን ሚዮ ስለ ኑቬል ኩዚን (አዲሱ አበሳሰል) የጻፏቸው አሥር ትእዛዛት ውስጥ ትኩስ ምርት ተጠቀም፣ ሜኑህን አቅልል፣ ከባዱን ሶስ ተው የሚሉ አሉ። በዚያው አሥርት ዓመት ሼፍ ሚሼል ጌራር፣ ኡዤኒ ሌ ባን በምትባል የፍልውሃ ከተማ፣ ሰውነታቸውን ሊቀንሱ ለሚመጡ እንግዶች ቅቤና ክሬሙን ቀንሶ ጣዕሙን ሳይቀንስ ያበስል ነበር። እነዚህ ሰዎች ቀለል ያለ ምግብ ሲሉ በብርድ ወር የበጋ አትክልት ማለታቸው አልነበረም።

ሼፏ ጡረታ የደረሰች ሴት ናት፤ ብዙ አትናገርም። ሁለታችንንም አየችንና «ሁለቱም ይውጣ» አለች። ወደ እኔ ዞራ «ባሮውን አንቺ ሥሪው» አለችኝ።

ባሮ በቪኔግሬት፣ በአቼቶና ዘይት ሶስ ማለት ነው፣ የድሃ ቤት ምግብ ነው። ፈረንሳዮች ባሮን «የድሃ አስፓራገስ» ይሉታል። ቀላል ስለሆነ ግን ስህተት አይደብቅም። ባሮ ነጭ እንዲሆን አፈር እየተከመረበት ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ አሸዋው በቅጠሉ መሃል ይገባል። ሥሩን ሳልቆርጥ ከላይ በመስቀል ሰነጠቅኩትና ቅጠሉን ወደ ታች አድርጌ ውሃ ውስጥ አቆምኩት። አሸዋው ራሱ ይወርዳል። ከዚያ በገመድ አሰርኩና ጨው በበዛበት የፈላ ውሃ ጨመርኩት። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይቸኩላል። አትክልት ጥርስ ላይ ቀጭ ማለት አለበት ብሎ ያምናል። ባሮ ግን ቀጭ ካለ ክር ክር ይሆናል፤ አፍ ውስጥ አያልቅም። ቢላ ያለ ምንም ትግል እስኪያልፍበት መቀቀል አለበት።

አውጥቼ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አጠንፍፌ፣ ገና ትኩስ እያለ ሶሱን አፈሰስኩበት። ከቀዘቀዘ በኋላ ሶሱ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ትኩስ ሲሆን ግን ይጠጣዋል። ሶሱ አንድ እጅ አቼቶ፣ ሦስት እጅ ዘይት፣ የዲዦን ሰናፍጭ፣ አቼቶው ውስጥ ቀድሞ የተነከረ ደቃቅ ሻሎት የሚባል ትንሽ ሽንኩርት ነው። ከላይ በወንፊት የተፈተገ የተቀቀለ እንቁላል ይነሰነሳል። አረንጓዴውን ቅጠል ደግሞ ከድንች ጋር ለሠራተኛው ሾርባ አደረግኩት። የተጣለ ነገር የለም።

ዕቃ የሚያጥቡልን ጋሼ የጎንደር ሰው ናቸው። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ለእሳቸው ያለ እንቁላል አወጣሁላቸው። ቆመው በዳቦ በሉት።

«ይሄማ ጾም የሚያስረሳ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ቲማቲሙ በደንብ ታዘዘ። ሰው በጥርም ቢሆን ቀይ ነገር ያምረዋል። ባለቤቱ ትእዛዙ በገባ ቁጥር ወደ እኔ ያይ ነበር። እኔም እጄን ከሥራዬ ሳላነሳ ሳህኑን አሰናዳሁ፤ የታዘዘውን አሳንሶ ማውጣት የኔ ሥራ አይደለም። ቲማቲሙን ጨው ነስንሼ አቆየሁት፤ የቻልኩትን ያህል ጣዕም ልሰጠው ሞከርኩ።

ከዚያ ሳህኖቹ መመለስ ጀመሩ። ጋሼ ጠሩኝ።

«ነይ እስቲ እዪ።»

አይቡ ተበልቷል። ቅጠሉ ተበልቷል። ቲማቲሙ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ተገፍቶ ቁጭ ብሏል። ባሮው የነበረበት ሳህን ደግሞ ሶሱ ሳይቀር በዳቦ ተጠርጓል። ጋሼ ፈረንሳይኛቸው ብዙም አይደለም። የቲማቲሙን ሳህኖች ግን አልደፏቸውም። ባለቤቱ ወደ ጓዳ በሚያልፍበት መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ደረደሯቸው። ሰውየው አለፈ። አየ። ቆመ። አንዱን ሳህን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ምንም አላለም።

በቀጣዩ ሳምንት ሰሌዳው ላይ ቲማቲም የለም። ባሮው ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ ሴለሪ ሥር በሰናፍጭ፣ ቀጥሎ ለ ፑዊ ከምትባል የፈረንሳይ ከተማ የመጣው አረንጓዴ ምስር ከካሮት ጋር። ደስ አለኝ፣ በጣም። እንደዚህ ዓይነት ሜኑ ነው በኩራት የምሠራው። ርካሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ ሰው በልቶ ሳይከብደው ይነሳል።

ግን ሰውየው ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ለእንግዶች ሲያወራ በመስኮቱ በኩል ይሰማኛል። «እኛ ቤት ወቅቱን ጠብቀን ነው የምናበስለው» ይላል። «ገበያ ላይ ያላየሁትን ሜኑ ላይ አልጽፍም።» እንግዶቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ያየሁት እኔ ነኝ። ያስተዋሉት ጋሼ ናቸው። ስሙ የእሱ ሆነ።

ስሙንስ ይውሰደው፤ የቤቱ ባለቤት ነው። «ከየት መጥተሽ ነው» ያላትን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀባትም። በሰው ፊት የተባለች ቃል በሰው ፊት መነሳት ነበረባት። ምግቡ ቢስተካከልም ያቺ አልተስተካከለችም።

የተማርኩት ነገር ካለ ሙግቱን ለሳህኑ መተው ነው። ሜኑ ሲቀየር አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው ጋሼን ነው፤ ምን ተመለሰ፣ ምን ተጠረገ። ሼፏም ይህን አይታ ከአገልግሎት በኋላ እሳቸው ጋ መሄድ ጀምራለች። ባለቤቱ ግን የተማረው ስለ ቲማቲም ብቻ ይመስለኛል። ምክንያቱም የካቲት መጨረሻ ላይ ካርቶን ሙሉ የስፔን እንጆሪ ይዞ ገባ።

ሼፏ ካርቶኑን አየችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ንገሪው» አለችኝ።

ነገርኩት። የዚህ አገሩ ጋሪጌት እንጆሪ ጥቂት ሳምንት ይቀረዋል፤ እስከዚያ ፖምና ፒር አለን።