ባለ ጣት ካልሲ ክለባችን የገባ ሰሞን

የአትሌቲክስ ክለብ ወጌሻ ነኝ። ሰው ስለ ሥራዬ ሲያስብ የሚታየው ጡንቻ ማሸት ነው፤ እኔ ግን ከጡንቻ እኩል የእግር ጣት ነው የማየው። የጠቆረ ጥፍር፣ የተላጠ ተረከዝ፣ በጣትና በጣት መሀል የቋጠረ ውሃ። ማራቶን የሚሮጡት ልጆች ሰንዳፋ አስፋልት ላይ ረጅሙን ሠርተው ሰርቪስ ውስጥ ጫማ ሲያወልቁ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

ከልጆቹ አንዷ የምትጎዳው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ ዞራ አጠገቧ ካለችው ሥር ትገባለች። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ላይ ላብ ሲጨመርበት ቆዳ ከቆዳ ይፋተግና ውሃ ይቋጥራል። ቫዝሊን ቀባን። ፕላስተር ጠቀለልን። ፕላስተሩ በላብ ይለቅና ተጠቅልሎ እሱ ራሱ ያቆስላታል። ይባስ ብላ ደግሞ የቋጠረውን ቆዳ ቀድዳ የመጣል አመል ነበራት። ስንቴ ተቆጣኋት! ውሃውን በንጹሕ መርፌ ከጠርዙ በስቶ ማፍሰስ ይቻላል፤ ከላይ ያለው ቆዳ ግን ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ መሸፈኛ ነው።

ውጭ ተወዳድራ የተመለሰች ጓደኛዋ ባለ ጣት ካልሲ አመጣችላት። ኢንጂንጂ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሚሠራው ዓይነት፣ ለአምስቱም ጣት የየራሱ ማስገቢያ ያለው። መጀመሪያ ቀን ሊነጋጋ ሲል ሰርቪሱ ሞተር አስነስቶ እሷ አሁንም እግሯን አቅፋ ተቀምጣለች። ሁለት ጣት አንድ ቀዳዳ ይገባባትና ታወጣለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። አሰልጣኙ ከፊት ወንበር ዞሮ፣

«አንቺ! ጓንት ነው እንዴ የምታጠልቂው? አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው ያሸነፈው!»

«ኮች፣ አንድ ጣት ብቻ ቀረችኝ» አለችው እየሳቀች።

ሰርቪሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ሳበቃ፣ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960ው ኦሎምፒክ ጫማ የተወው የቀረበለት አዲስ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው መሆኑን፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ተጫምቶ ማሸነፉን አስታወስኩት። ዝም አለኝ። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1951 ቦስተን ማራቶንን ያሸነፈው ጃፓናዊ ሽገኪ ታናካ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ የሚለይ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጣት መለየት የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

ከሩጫው በኋላ እግሯን አገላብጬ አየሁት። በጣቶቿ መሀል ያለው ቆዳ ደርቋል፤ መቅላት እንኳ የለውም። ነገሩ ቀላል ነው፦ የራሰ ቆዳ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ መሀል ላይ ላብ የሚያወጣ ስስ ጨርቅ ሲገባ ግን ፍትጊያው ከቆዳው ወደ ጨርቁ ይዞራል። ጥጥ ካልሲ ይህን አይሠራም፤ ላቡን ጠጥቶ ይዞት ይቀመጣል።

ወሬው ክለቡን አዳረሰው። ሁሉም «ለእኔም» አለ። ቢሮው ጥቂት ጥንድ ገዛ፤ ማን ምን ችግር እንዳለበት የጠየቀ አልነበረም፣ ቀድሞ የደረሰ ወሰደ።

ከወሰዱት አንዱ ከአውራ ጣቱ ሥር፣ መርገጫው ላይ ውሃ የሚቋጥርበት ልጅ ነው። በባለ ጣቱ ካልሲ ረጅሙን ሮጦ ሲመጣ መርገጫው እንደ ወትሮው ቋጥሯል፤ ከዚያ በላይ የአውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። ደም ከሥሩ ገብቶ ጫማው ሲነካው ያቃስታል። በየጣቱ መሀል የገባው ጨርቅ የእግሩን ፊት ስላሰፋው ልክክ ያለው ጫማ ጠቦት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ጥፍሩ ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጭ ኖሯል።

አሰልጣኙ ይህን ሲያይ «ውሰዱልኝ ይሄን ጣጣ!» ብሎ ሁሉንም ሊከለክል ተነሳ። እኔ ደግሞ አልተስማማሁም። የእግር ቁስል እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ አትላንታ 1996 በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወስዶ 5 ሺውን ያልሮጠው በዚያ ደረቅ መም እግሩ ስለተጎዳ ነው። ኃይሌን ያስቀረ ነገር የእኛን ልጆች አያልፋቸውም።

ወረቀት ላይ የእግር ቅርጽ ሥዬ ለእያንዳንዱ ልጅ ሰጠሁና «የሚያምህ ቦታ ላይ ምልክት አድርግ» አልኩ። አብዛኛው ምልክት ተረከዝና መርገጫ ላይ ወደቀ። ባለ ጣቱ ካልሲ የሚያግዘው በጣትና በጣት መሀል የሚጎዳውን ነው፤ እሱም ጫማው ለተጨመረው ጨርቅ ቦታ ካለው። ለልጅቷ ግማሽ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ተፈለገላት። ተረከዛቸው የሚላጠው ባለ ጣቱን ካልሲ ትተው የጫማ ክራቸውን በመጨረሻዋ ቀዳዳ አስገብተው እንዲያጠብቁ ሆነ፤ እግር ጫማ ውስጥ ካልተንሸራተተ ተረከዝ የሚላጥበት ምክንያት ይቀንሳል። አሰልጣኙ ወረቀቶቹን አየና ክልከላውን ተወው፤ «በውድድር ቀን ግን አዲስ ነገር የሚያደርግ ወዮለት» ብሎ።

የልጁን ነገር ግን ሥዕሉም አልፈታውም። በመጨረሻ ጫማውን ተቀብዬ እጄን ወደ ውስጥ ሰደድኩ። ከሌላ አትሌት የወረሰው ጫማ ነው፤ የውስጥ ሶሉ ልክ ከአውራ ጣቱ ሥር ተላቆ ታጥፏል። ያን እጥፋት ነበር በየሳምንቱ ሲረግጥ የኖረው። ሶሉ ሲቀየርለት በዱሮው ካልሲ ሮጦ እግሩ ደህና ሆኖ መጣ፤ የጠቆረው ጥፍር ወልቆ አዲሱ እስኪወጣ ግን ወራት ፈጀበት። ባለ ጣቱን ካልሲ ለልጅቷ ሰጣት። ለእሷ ጫፉ ስለሚተርፍ ለሩጫ አይሆናትም፤ ካምፕ ውስጥ ለብርድ ታደርገዋለች።