ድሪ ወይስ ድሬ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ መጨረሻ

ከሰዓት መብራት ጠፋ። በዚህ ወር ድሬ ላይ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ሥራም አብሮ ይቆማል። እጄን ያልበኛል፣ ዶቃው ከጣቴ ያመልጣል፣ ክሩ ያድፋል። ፒንሳውን አስቀመጥኩና ደብተሬን አወጣሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝን ነገር ልጽፈው ነው። የስም ነገር።

ጌጥ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ጉትቻ፣ አምባር፣ የአንገት ጌጥ፣ አንዳንዴ የእግር። ዶቃውን ከቀፊራ ገበያ እገዛለሁ፤ የናስ ሽቦውን ሰው ከአዲስ አበባ ይልክልኛል። እስካሁን ስም አላስፈለገኝም። የሚገዙኝ የሰፈር ልጆችና የእህቴ የሥራ ባልደረቦች ናቸው። "የማን ሥራ ነው?" ሲባሉ "የእሷ ነዋ" ይላሉ፤ በቃ። ባለፈው የካቲት ግን ከዚራ ሰፈር ሱቅ ያላት ሴት ዕቃሽን በቋሚነት ልሽጥልሽ አለችኝ። የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው። ንግድ ፈቃድ አውጪ፣ ጉትቻው የሚሰካበት ካርድ ላይ ደግሞ ስም ይኑር።

"የራስሽን ስም ጻፊበት፣ ምን ያስጨንቅሻል አቦ!" አለች እህቴ። አስቤበታለሁ። ግን ነገ ሁለት ሦስት ልጆች አብረውኝ እንዲሠሩ እፈልጋለሁ። እነሱ በእጃቸው የሠሩት ላይ የእኔ ስም ሲጻፍ አይታየኝም። ያንን ቶሎ ተውኩት።

ደብተሬ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት "አልቦ" የሚል ነበር። አልቦ የቁርጭምጭሚት ጌጥ ነው። አጭር ነው፣ ለማንም አፍ አይከብድም። ይሄ ድሬ ላይ ትልቅ ነገር ነው። እዚህ አንዷ ደንበኛ ዋጋ ስትከራከር በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ አጋምሳ፣ በሶማሊኛ ልትጨርስ ትችላለች። ስም ከሁሉም ጋር መሄድ አለበት። ሁለት ቀን አልቦን ይዤ ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ የነበረው አጎቴ ሰማ። "አልቦ በግዕዝ የለም ማለት አይደል እንዴ? ሱቅ ከፍተሽ ለመጣው ሁሉ የለም ልትይ ነው?" አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ሰረዝኩት።

ቀጥሎ "ጨሌ" መጣ። ይሄንን በጣም ወድጄው ነበር። በየቀኑ በመርፌ የምለቅመው እኮ ጨሌ ነው። እናቴ ግን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። "ጨሌ የሚታሰረው ለዛር ነው። ሰው ጨሌውን ጥሎ ንስሐ ሲገባ እያየሁ ልጄ ጨሌ ብላ ሱቅ ከፈተች ልበል?" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። በእኔ እምነት ዶቃዋ የተበደለች ነገር ናት። ሰው ፍርሃቱን አሰረባት እንጂ እሷማ ብርጭቆ ናት። ቢሆንም ደንበኛዬ ካርዱን ስታይ መጀመሪያ እንድትደነግጥ አልፈልግም። "ዛጎል"ም በዚያው ምክንያት ቀረ፤ ጠንቋይ ይበትነዋልና። "ሎቲ" ቆንጆ ነበር፤ ግን ሎቲ የጆሮ ብቻ ነው፣ አምባሩ የት ይግባ?

ዲዛይን የሚሠራ ጓደኛችን ደግሞ የእንግሊዝኛ ስሞች ደርድሮ ላከልኝ። አንዱ ሮያል፣ አንዱ ግላም። ካርዱ ላይ አስቀምጦ ሲያሳየኝ ያምራሉ። ግን ያ ስም አዳማ ላለችም፣ ናይሮቢ ላለችም ሴት ይሆናል። እኔ ደግሞ የምኖረው ድሬ ነው። ይህቺ ከተማ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ስትቆረቆር መሥራቾቹ "አዲስ ሐረር" ብለዋት ነበር። ስሙ አልያዘም። ሰው በአፉ የለመደውን ድሬ ዳዋን ይዞ ቀረ። ይሄን ሳስብ የጓደኛዬን ዝርዝር በምስጋና መለስኩለት።

እናቴ ዘንድ አንድ የድሮ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አለ። የክርስትና ካርድ፣ የአባቷ የምድር ባቡር መታወቂያ፣ ያረጁ ቁልፎች ይቀመጡበታል። አንድ ቀን ማታ ካርዱን ስንፈልግ ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። አንድ ስንዝር የምትሆን የብር ሰንሰለት። "የእማማ ድሪ ናት" አለች እናቴ። እማማ የምንላት አያቴን ነው። ባሏ ባቡር ላይ ሲቀጠር ተከትላው ከሸዋ የመጣች ናት። ድሪዋ ሙሉ በነበረች ጊዜ አንገቷ ላይ ሦስት ጊዜ ትዞር ነበር አሉ። ስታርፍ ለአራት ልጆቿ ተቆርጣ ተከፋፈለች። የእናቴ ድርሻ ይቺ ስንዝር ናት።

መብራቱ ሥር ይዤ አየኋት። ቀለበቶቿ የስንዴ ፍሬ ያህላሉ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠላልፈዋል። አንዷ ከአንዷ ትንሽ ትለያለች፤ አንዷ ክብ ናት፣ አንዷ ሞላላ። እያንዳንዷ ላይ የተበየደችበት ቦታ እንደ ጠባሳ ይታያል፣ በጥፍር ሲነካም ይሰማል። አንገት ላይ የሚያርፈው በኩል አልቆ ለስልሷል። ያ የእማማ ቆዳ ያለሰለሰው ነው። ሰንሰለቷን መዳፌ ላይ ስጥላት እንደ ውኃ ፈሰሰች።

"ድሪ" አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት፣ ግን ጮክ ብዬ ሳይሆን አልቀረም።

እህቴ ወዲያው "ድሪቶ ይመስላል" አለች። ወንድሜ ደግሞ ድሪያ የሚለውን አነሳ። እውነት ነው፣ ቃሉ መጥፎ ጎረቤቶች አሉት። አንዱ የተጣጣፈ ጨርቅ ነው፣ አንዱ መዳራት ነው። እኔን አላስጨነቁኝም። አስቸጋሪው ጎረቤት ሌላ ነበር።

ማተሚያ ቤት ሄጄ መቶ ካርድ አዘዝኩ። በወረቀት በደንብ ጽፌ ሰጠሁት። ከሁለት ቀን በኋላ ልቀበል ስሄድ መቶውም ላይ በሚያምር ፊደል "ድሬ" ይላል። ልጁ በፈገግታ "ስትጽፊ ተሳስተሽ ነበር፣ አስተካከልኩልሽ" አለኝ። ልቆጣው አልቻልኩም። ለእኔ ብሎ ነው። እዚያው ቆሜ ድሪ ምን እንደሆነ አስረዳሁት። "እንደዚህ የሚባል ነገር አለ እንዴ?" አለኝ። በግማሽ ዋጋ እንደገና አተመልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በባጃጁ ውስጥ ሆኜ አሰብኩበት። የድሬ ሰው ዓይን ድሪን ሲያይ ድሬ ብሎ ያነባል። በእኛ ፊደል በአንዲት ቅጥያ ብቻ ነው የሚለያዩት። ለቴሌግራም ቻናሉ በላቲን ልጻፈው ብል ደግሞ የባሰ ይቀራረባሉ። በዚህ ከተማ በድሬ የሚጀምር ስም ያለው ቤት መቼ ተቆጥሮ ያልቃል? ካፌው ድሬ፣ ፋርማሲው ድሬ፣ ጸጉር ቤቱ ድሬ።

ንግድ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድም የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄው ነበር። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ስም ቀድሞ ከተመዘገበ ጋር አንድ ዓይነት ወይም የሚያሳስት ሆኖ መመሳሰል የለበትም። ደግሞ የንግድ ስም ሌላ ነው፣ የንግድ ምልክት ሌላ ነው። ምልክቱን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፣ የሚመዘገበውም በአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት በኩል ነው። እኔ ሁለቱን አንድ ነገር አድርጌ ነበር የማስበው። ለሥራችሁ ገና ስም ያላወጣችሁ ካላችሁ ይሄን ቀድማችሁ እወቁ፤ ካርድ ከማሳተማችሁ በፊት። ሠራተኛዋ በትዕግሥት ፈልጋ በድሪ ስም ምንም እንዳላገኘች ነገረችኝና "ለማንኛውም መጠባበቂያ ስም ይዘሽ ነይ" አለችኝ።

መጠባበቂያ አልነበረኝም። ልቤ ድሪ ላይ ተጣብቋል። እንዲያውም ሰው ድሬ ብሎ ቢያነበው ምን ችግር አለ፣ ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ ማለት ጀመርኩ። ለካርዱ ጀርባ ሁለት መስመር ማብራሪያ ለመጻፍ ግን ስለ ድሪ አሠራር የማውቀው ነገር እንደሌለ ታየኝ። የእናቴን ስንዝር በጨርቅ ጠቅልዬ ሐረር ሄድኩ።

በሚኒባስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደንገጎን ስንወጣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ቀዝቃዛ አየር ገባ። አወዳይ ላይ ጫት ለሚገዙ ቆምን። ጀጎል ውስጥ አንድ አንጥረኛ አለ ብለው ጠቁመውኝ ነበር። ሽማግሌ ናቸው። ናቸው የምለው ስጽፍ ነው። እኛ አገር አንቱ ብዙም አይሰማምና "አባባ፣ ይቺን እይልኝ" ነው ያልኩት፤ እሱም "ወዲህ በይ" አለኝ።

መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እንደ መቁጠሪያ አሳለፋት። "ይቺ ጠገራ ሳትሆን አትቀርም" አለ። ድሮ አንጥረኛ ብር የሚያገኘው ጠገራ ብር አቅልጦ እንደነበር ነገረኝ። ሴት ጠገራውን ይዛ ትመጣለች፣ አምባር ወይ ድሪ አድርጋ ትሄዳለች። ያ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ መልክ ያለበት ብር ነው። አንዱ 28 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ንግሥቲቱ በ1780 እንደ ፈረንጅ ዘመን ሞተች፤ ሳንቲሙ ግን በመቶ ዓመትም ቆይቶ ሲመታ ያው 1780 ተብሎ ነበር። እኛ ጋ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ብር እስኪወጣ ድረስ ሲሠራበት ኖሯል። ገንዘቡን ዛሬም በማዕድኑ ስም ብር ብለን ነው የምንጠራው።

ከዚያ "አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ።

"ዶቃ። የናስ ሽቦም እሠራለሁ። ቤቴን ድሪ ልለው ነው።"

ሰንሰለቷን ጨርቁ ላይ አስቀመጠ። "ድሪ ብር ነው" አለ። አልተቆጣም። "ናስ ይዘሽ ድሪ ካልሽ፣ ድሪ የምታውቅ ሴት ስትመጣ ምን ታሳያታለሽ?"

መልስ አልነበረኝም። ድሪቶ ሲሉኝ መልስ ነበረኝ። ድሬ ሲሉኝም ነበረኝ። ለዚህ አጣሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ አንገቷ አረንጓዴ ሆኖ መጥታብኝ ነበር። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ በድሬ ሙቀት ላብ ሲነካው ቆዳ ላይ ይለቃል። ታጥቦ ይሄዳል፣ አይጎዳም፤ ግን አስቀድሜ አልነገርኳትም ነበር። ገንዘቧን መለስኩላት። ያ አንገት ትዝ አለኝ። እዚያ አንገት ላይ የእማማን ቃል ሰቅዬ ልሸጥ ነበር።

"አስተምረኝ" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ይሄው አምስተኛ ሳምንቴ ነው። እሑድ እሑድ ጠዋት እሄዳለሁ። የተሰበረ የብር ጉትቻ ሰብስበን እናቀልጣለን። የቀለጠው ብር ፈስሶ እንደ መጻፊያ እርሳስ ቀጭን ዘንግ ይሆናል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል። ሲደርቅ እንደገና እሳት ይነካዋል፤ ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል። ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ ከሰፊው ቀዳዳ ወደ ጠባቡ በጉጠት ይሳባል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። ሽቦ ሲሆን ሚስማር ላይ ይጠመጠማል፣ በርዝመቱ ይቆረጣል፣ ቀለበቶቹ ይረግፋሉ። የመጀመሪያ ቀን ሲረግፉ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። መበየዱ ነው ከባዱ። እሳቱ ትንሽ ከዘገየ መጋጠሚያው ብቻ ሳይሆን ቀለበቷ ራሷ ቀልጣ ጠብታ ትሆናለች። ዘጠኝ ቀለበት እንደዚያ አጥፍቻለሁ። ጠብታዎቹን በብልቃጥ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ተመልሰው ይቀልጣሉ።

ለባለሱቋ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። የናሱን ዕቃ እስከዚያው በነጭ ካርድ እሰጣታለሁ፤ "በእጅ የተሠራ፣ ናስ" ብቻ ይላል፣ ከሥሩ ላብ ሲነካው ቀለም እንደሚለቅ ጽፌበታለሁ። ይሄ ገዢ ያባርራል ብላ ነበር። እስካሁን ሦስት ሸጣለች። ድሪ የሚለው መቶው ካርድ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ሙሉ ድሪ፣ አንገት የሚዞር፣ በእጄ ሠርቼ ሱቁ ውስጥ ሳልሰቅል አላወጣውም። ሲሰቀል ናሱም ዶቃውም በዚያ ቤት ስም ይሸጣሉ፤ ካርዱ ላይ ግን ናሱ ናስ፣ ብሩ ብር ተብሎ ይጻፋል። የምዝገባውን ቅጽም ያኔ እሞላለሁ። ስሙን ሌላ ሰው ቢቀድመኝስ? ያስፈራኛል። ቢሆንም አሁን ሄጄ ልሞላው እጄ አይታዘዘኝም።

መብራት መጣ። ቬንትሌተሩ መዞር ጀምሯል። እናቴ ቡና ይዛ ገባች፤ የእሷን ስንዝር ከቆርቆሮው አውጥታ እኔ ከሠራሁት አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻት። የእኔ አንድ ጣት ትበልጣታለች። የእሷ ለስላሳ ናት፣ የእኔ ገና ትቧጥጣለች።

"ለአንገት ስንት ቀረሽ?" አለችኝ።

ቆጠርኩ። መቶ አርባ ቀለበት ይቀረኛል።