«ራስ መኮንን፣ ወራጅ አለ!»

ሐሙስ ማታ፣ ሐምሌ

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ እናቷን «ራስ መኮንን ማነው?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ ቦርሳዋ ውስጥ ሳንቲም እየፈለገች «ድልድይ ነው፣ እናቴ» አለቻት። ልጅቷም ዝም አለች። «ወራጅ አለ!» ተባለና እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ። መውረጃዬ ባይሆንም እኔም ተከትያቸው ወረድኩ፤ እነሱ ግን በዳገቱ በኩል ወዲያው ከዓይኔ ጠፉ።

በእናትየዋ አልፈርድም። ከፒያሳ ቁልቁል እየወረድኩ በዚያ ድልድይ ስመላለስ ነው ያደግሁት። «ራስ መኮንን ጋ እንገናኝ» ስንባባል ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብለውን አያውቁም።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ጎንበስ ብዬ ወደ ታች አየሁ። ወንዙ ከእንጦጦ በኩል ያጠበውን አፈር ሁሉ ይዞ ቀልቶ ይወርዳል፤ አንድ ቢጫ ጀሪካን ድንጋይ ይዞት እዚያው ይሽከረከራል። ሽታው አሁንም ያው ነው፣ ያሳዝነኛል። ይህ ውኃ በአቃቂ አድርጎ መጨረሻው አዋሽ ነው። አዋሽ ደግሞ ራስ መኮንን ከሐረር ወደ ሸዋ በመጡ ቁጥር የሚሻገሩት ወንዝ ነበር። ይህን ዛሬ እዚያ ቆሜ እስካስበው ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም።

ልጅቷን ባገኛት ምን እላት ነበር? ከየት እጀምርላት ነበር?

በ1844 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። እናታቸው ተናኘወርቅ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ስለነበሩ ከምኒልክ ጋር የአጎትና የአክስት ልጆች ናቸው። በ1879 ሐረር በምኒልክ ስትያዝ ገዥዋ ሆነው ተሾሙ። ይህ በየመጽሐፉ አለ።

እኔን የሚይዘኝ ግን የጣሊያን ነገር ነው። የውጫሌ ውል በተፈረመ በወራት ውስጥ መልእክተኞቹን መርተው ሮም የሄዱት እሳቸው ናቸው። ንጉሥ ኡምቤርቶ ተቀበላቸው፤ በ1882 መጀመሪያ ተጨማሪውን ስምምነት ኔፕልስ ላይ ፈረሙ። የብድር ነገር የተያዘውም እዚያው ነው፣ አራት ሚሊዮን ሊሬ። ከዚያ የውሉ የ17ኛው አንቀጽ ጉድ ወጣ፤ አማርኛው ሌላ፣ ጣሊያንኛው ሌላ፤ ጣሊያንኛው ኢትዮጵያን የጣሊያን ጥገኛ ያደርግ ነበር። የእንግድነት ማዕዳቸውን የቆረሱ ሰው ይህን ሲሰሙ ሌሊቱን እንዴት አነጉት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ኅዳር 28 ቀን 1888 አምባላጌ ላይ የጣሊያኑን አዛዥ የቶዜሊን ጦር ከደመሰሱት መካከል ግንባር ቀደሙ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ መቀሌ አለ። ውኃው ተይዞበት የተጠማው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቆ እንዲወጣ ሲፈቀድለት፣ አጅቦ ወደ ወገኖቹ ያደረሰው የራስ መኮንን ሠራዊት ነው። ከድሉ ይልቅ ይህቺን ነው የምወድላቸው። የተከዱ ሰው ናቸው፤ በእጃቸው የገባውን ጠላት ግን ቃል ስለተሰጠው ብቻ በሰላም ሸኙት። ለልጅቷ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራት እሱን ይመስለኛል። በ1894 ደግሞ ለኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ በዓል ለንደን ሄደዋል፤ ንጉሡ ታመው በዓሉ ተላለፈ።

ሐረር ላይ በፈረስ ተቀምጠው የነበረው ሐውልታቸው በ2012 ሰኔ መጨረሻ ሲገረሰስ በስልክ ነው ያየሁት። ሆዴ ባባ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። በ2016 ደግሞ የፒያሳዎቹ ሰፈሮች እነ ዶሮ ማነቂያ ፈረሱ፤ የልጅነቴ ምልክቶች ሁሉ አብረው ሄዱ። የወያላው አፍ ላይ ግን ስማቸው አሁንም አለ። ትርጉሙን ማንም ባይነግረውም ዛሬም «ራስ መኮንን!» እያለ ይጣራል። ይህ እንዴት እንዳጽናናኝ መግለጽ ይከብደኛል።

በ1898 ምኒልክ ጠርተዋቸው ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት ከሐረር ተነሡ። መንገድ ላይ፣ ቡርቃ ሲደርሱ ሕመሙ ጠናባቸው፤ ወደ ቁልቢ መለሷቸው። ልጃቸው ተፈሪ፣ የኋላው ዓፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ገና 13 ዓመቱ ነበር። መጋቢት ላይ እዚያው ቁልቢ አረፉና ሐረር ተወስደው ተቀበሩ። የዚያን ጊዜ አዋሽን አልተሻገሩም።