ተለዋጭ ዘይቤን ነቅሶ የማውጣት ልምምድ፦ እስካሁን የደረስንበት

አነጻጻሪ ዘይቤን (በ«እንደ» የሚያመሳስለውን) ከተለዋጩ (አንዱን ነገር ሌላው ነው ከሚለው) መለየት አሁን ብዙም አያስቸግርም። «ቃሏ እንደ ማር ይጣፍጣል» ሲባል የሚመሳሰሉበት ጠባይ ተነግሯል፤ «ቃሏ ማር ነው» ሲባል ግን ጣፋጭነቱን ፈልጎ ማግኘት ለአንባቢው ተትቷል። የዚህ ዙር ሥራችን ጠንከር ይላል፤ ዘይቤ የማይመስሉትን፣ በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ የተደበቁትን ማውጣት ነው። የቋንቋ ሊቁ ሌኮፍና ፈላስፋው ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት ተለዋጭ ዘይቤ የገጣሚ ጌጥ ብቻ አይደለም። ጊዜን «እናባክናለን»፣ «እንቆጥባለን» ስንል እንደ ገንዘብ እያሰብነው ነው።

የምንከተለው፣ ፕራግልጃዝ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን ዘዴ ነው። ጽሑፉ በቅድሚያ እስከ መጨረሻው ይነበባል፣ ከዚያ በቃላት ይከፈላል። ለየቃሉ ሁለት ፍቺ ይጻፋል፤ አንደኛው እዚያ ቦታ ላይ የያዘው፣ ሁለተኛው መሠረታዊው። ሁለቱ ከተለያዩና አንዱ በሌላው አምሳያነት የሚገባ ከሆነ ቃሉ ተለዋጭ ተብሎ ይመዘገባል። «ሐሳቡ ዘግይቶ ገባኝ» ውስጥ «ገባ» መረዳትን ይገልጻል፤ መሠረቱ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ መዝለቅ ስለሆነ ይመዘገባል።

ስህተት የሚበዛው መሠረታዊውን ፍቺ ስንመርጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነገረውን መውሰድ ይቀናናል፤ መሠረታዊ የሚባለው ግን የሚዳሰሰው፣ የሚታየው፣ አካል የሚሠራው ነው። «ፈተናው ከበደኝ» የቱንም ያህል አዘውትሮ ቢሰማ የ«ከበደ» መሠረት ሸክም ላይ ነው። የቃሉን ጥንታዊ ምንጭ ማሳደድም አያስፈልግም፤ የሚፈለገው የዛሬ ተናጋሪ የሚያውቀው ፍቺ ነው።

አማርኛ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው። «ዝም አለ»ን ለሁለት የከፈለ ሰው «አለ»ን «ተናገረ» ብሎ ይፈታና የሌለ ዘይቤ ይመዘግባል። እንዲህ ያለው ጥምር ግሥ እንደ አንድ ቃል ይቆጠር። «እጅ ሰጠ»ን የመሳሰሉ ፈሊጦች ግን ያከራክራሉ፤ በእኛ እምነት ሳይከፈሉ በተለየ ዓምድ ቢሰፍሩ ይሻላል።

«ቤተ መንግሥቱ መግለጫ ሰጠ» የሚለውም ብዙዎችን ያሳስታል። ሕንጻው ባለሥልጣኑን አይመስልም፤ መሥሪያ ቦታው ስለሆነ ብቻ ባለሥልጣኑ በሕንጻው ስም ተጠራ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ «እንደ» ሲጨመርበት ሐሳቡ ከፈረሰ ተለዋጭ አይደለም።

ይህ ልምምድ ለጽሕፈትም በቀጥታ ይጠቅማል። «የጥላቻን እሳት ከሥሩ ነቅለን እንጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ያምራል፤ መሠረታዊ ፍቺዎቹን ጎን ለጎን ስትጽፉ ግን እሳት ሥር እንደሌለው ይታያችኋል። ወይ «እሳቱን እናጥፋ»፣ ወይ «ጥላቻን ከሥሩ እንንቀል» መባል አለበት። ግሡን ከስሙ ጋር ማመሳከር አብዛኛውን እንዲህ ያለ ግጭት ያወጣል።

በሚቀጥለው ዙር ሁለት ሁለት ሆነን አንድ ገጽ ዜና ለየብቻ መዝግበን እናመሳክራለን። ያልተስማማንባቸውን ቃላት አትሰርዙ፤ ሁለቱን ፍቺዎች ከነምክንያታቸው አስቀምጡ።