በጥር የተሞላ ስንጥቅ

ለጥገና የመጣው በርጩማ ከአንድ የዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር የጅማ ሥራ ነው። ከአያት የወረደ ዕቃ በመሆኑ ባለቤቶቹ ለጥር ሠርግ እንዲደርስላቸው ብለው ካቻምና ሌላ ቦታ አሠርተውት ነበር። ያኔ ከመቀመጫው መሀል እስከ ጠርዙ የሚሄደው ስንጥቅ በመኪና ስቱኮ ተሞላ፤ ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀና ቫርኒሽ ተቀባ። ለሠርጉ አምሮ ነበር። በቀጣዩ በጋ ግን ከስቱኮው ጎን አዲስ ክፍተት ወጣ፤ ስንጥቁም ወደ አንዱ እግር ሁለት ጣት ያህል ወረደ።

ጥፋቱ ከወቅቱና ከስቱኮው ነው። እንጨት መቶ ዓመት ቢቆይም የአየሩን እርጥበት ሲስብና ሲለቅ ይኖራል። በቁመቱ የሚለወጠው እዚህ ግባ አይባልም። በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሰፋውና የሚጠበው ግን ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው እጥፍ ያህል ነው፤ ልቡን የያዘ ሙሉ ግንድ ሲደርቅ ከመሀል ወደ ውጭ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ስንጥቁ በበጋ ይከፈታል፣ በክረምት ይጠባል። ጥር ላይ ሰፍቶ ሳለ በደረቅ ስቱኮ ከተደፈነ፣ ሐምሌ ላይ እንጨቱ ሲያብጥ መሄጃ ያጣና የስንጥቁ ከንፈሮች ስቱኮው ላይ ይጨፈለቃሉ። የተጨፈለቀ የእንጨት ጅማት ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ዝናቡ ሲያበቃ እንጨቱ ከቀድሞው ይበልጥ ይሸሻል፤ ስንጥቁም ካቆመበት ይቀጥላል።

የጠነከረ የመኪና ስቱኮ በአሴቶን አይሟሟም። በጠባብ መሮ ከመሀሉ እየቦረቦሩ ወደ ዳር መጠጋት፣ እንጨቱ ላይ የቀረውን ስስ ቅርፊት ደግሞ በምላጭ ጫፍ ማንሳት ግድ ነው። ቫርኒሹ መጀመሪያ ከመቀመጫው ሥር በማይታይ ቦታ በጥጥ ተሞከረ፤ ለአልኮል እምቢ ብሎ በአሴቶን ለቀቀ። ብርጭቆ ወረቀቱ የወሰደውን ወዝ ግን የሚመልስ ነገር የለም። ያ ጥቁር ቡናማ ወዝ የጭስ፣ የቅቤና የብዙ ዘመን መቀመጥ ሥራ ነው፤ የዕቃው ዕድሜ የሚነበበውም እሱ ላይ ነበር። በእንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ጨርሶ አያስፈልግም።

ከዚያ መጠበቅ ነበር። ጠርዙ ላይ በየካቲት 6 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ነሐሴ ላይ ወደ 4 ወረደ። በስቱኮው ፋንታ ስንጥቁን የሚሞላው የእንጨት ሽብልቅ የተዘጋጀው በዚህ ጠባብ ልክ፣ ከአሮጌ የዋንዛ ቁራጭ ነው። ጅማቱ ከመቀመጫው ጅማት ጋር አንድ አቅጣጫ መያዝ አለበት፤ ካልሆነ ሁለቱ አብረው አይሰፉም፣ አብረው አይጠቡም። በአውራ ጣት ግፊት ብቻ መግባት አለበት። መዶሻ ከፈለገ ወፍሯል ማለት ነው።

ማጣበቂያው ከቆዳ የሚወጣ ሙጫ ነው፦ በክብደት አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ ካበጠ በኋላ፣ ፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል። ከ70 ካለፈ ኃይሉ ይደክማል። ሌላ ጠጋኝ ነገ ሊነቅለው ቢፈልግ በሞቀ ውሃ ይለቃል፤ ከነጭ ኮላ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ሙጫው የሚቀባው በሽብልቁ አንድ ጎን ብቻ ሲሆን ሌላው ጎን የንብ ሰም ተቀብቶ ነፃ ይቀራል። ላዩ ከመቀመጫው በትንሹ ዝቅ እንዲል አስቀድሞ ስለተላገ፣ ከገባ በኋላ አሮጌውን ገጽ የነካ ስለት የለም።

በበጋ በሰሙ በኩል ጠርዙ ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር የምትደርስ መስመር ትከፈታለች። ባለቤቶቹ ዕቃውን ሲረከቡ ይህ ተነግሯቸዋል፤ መስመሯን ማንም እንዳይደፍናት፣ በርጩማውም ከከሰል ምድጃ አጠገብ እንዳይቀመጥ።