የዱቤ ደብተሬ

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ ሱቅ አልነበረኝም። በዓመቱ ነው ሰርቪስ ከሚያቆምበት መንገድ ዳር የከፈትኩት። ደንበኞቼ ከኩታበር፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ የመጡ ልጆች ናቸው፤ ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ። በዱቤ የሚወስዱት ግማሽ ኪሎ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሳሙና ነበር። ደብተሬ ላይ ከስማቸው አጠገብ የሥራ ክፍላቸውን እጽፋለሁ፦ ስፌት፣ ካውያ፣ ማሸጊያ። ደመወዝ የወጣ ዕለት ቤታቸው ሳይገቡ እኔ ዘንድ ይሰለፋሉ። አንዲትም ቀርታብኝ አታውቅም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሲደርስ ሸሸሁ። ኅዳር መጨረሻ ስመለስ ሚዛኔ ሳይቀር ተወስዷል። ደብተሩ ብቻ የጫማ ዱካ እንዳረፈበት ወለሉ ላይ ተገኘ።

ሰው ሁሉ ፋብሪካ የዘጋው ጦርነቱ ነው ይላል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አገሯ ከሚገባበት ሕግ፣ እንደምታስወጣ ያሳወቀችው ጥቅምት 23 ቀን፣ ከተማችን በተያዘች ሰሞን ነው። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ ተጣለበት፤ ለጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ። በጥቂት ሳንቲም ትርፍ ለሚሰፋ ልብስ ይህ ብዙ ነው። የፋብሪካው በር ተጠግኖ ቢከፈትም የውጭ ገዢዎች ትእዛዝ ሳሳ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን መዘጋቱ ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ደንበኞቼ የሚሠሩበት ድርጅት አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ «ሥራ ሲመጣ እንጠራችኋለን» ብሎ መለሳቸው። የስንብት ደብዳቤ የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ይታከላል። ደብዳቤ ያልተሰጣት ልጅ ግን ምን ይዛ ትጠይቅ? አልተሰናበተችም፤ ሠራተኛም አይደለችም።

እናም ጠበቁ። ብንሄድ ይጠሩንና እናጣዋለን እያሉ ኪራይ እየቆጠረባቸው ወራት ጠበቁ። ያን ጊዜ የበሉት ሽሮ ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ ተጽፏል። ድርጅቱ መክፈል የነበረበት ገንዘብ በእነዚህ ልጆች ስም የእኔ ዱቤ ሆኖ ተመዘገበ። ስማቸውን ባየሁ ቁጥር ዕዳው የእነሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የጅምላ ነጋዴው ግን ይህን አይሰማኝም።

ካውያ ክፍል የነበረችው የወረባቦ ልጅ በባቲ አድርጋ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ስትነሣ የከሰል ምድጃዋን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ይህን ስለ ዕዳዬ ይያዙልኝ» አለችኝ። መንገዱን አውቀዋለሁና ተይ ብዬ ለመንኳት። ምድጃውን አልቀበልም ብላት ደጃፌ ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ጥቂት ራቅ ካለች በኋላ ተመልሳ የእናቷን ስልክ ቁጥር ከስሟ ጎን አስጻፈችኝ። «ምናልባት ከጠሩን ይደውሉላት» አለችኝ።